አራት ግዛቶች፣ አራት የቀለም ሥርዓቶች፦ የደቡብ አፍሪካ ኅብረት እና የኬፕ ድምፅ

ከ1948 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ በወጡ ሕጎች የታነጸው አፓርታይድ፣ ማለትም ሰዎችን በዘርና በቆዳ ቀለም ለያይቶ መኖሪያቸውን፣ ሥራቸውን፣ ትምህርታቸውንና ትዳራቸውን ሳይቀር ይወስን የነበረው የደቡብ አፍሪካ የአገዛዝ ሥርዓት፣ ብዙውን ጊዜ በአገሪቱ ከጥንት ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሆኖ የኖረ አመለካከት ውጤት ተደርጎ ይታሰባል። ታሪኩ ግን የተለየ ነው። ዛሬ ደቡብ አፍሪካ የምትባለው አገር እስከ 1910 ድረስ ኬፕ፣ ናታል፣ ኦሬንጅ ፍሪ ስቴትና ትራንስቫል በተባሉ አራት ግዛቶች ተከፍላ ትተዳደር የነበረች ሲሆን፣ በየግዛቱ የሰፈሩት ነጮች ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ክልሱና ስለ ህንዳዊው የነበራቸው አመለካከትና ያወጡት ሕግ እጅግ የተራራቀ ነበር። በኬፕ ንብረት ያለው ጥቁር ገበሬ ድምፅ ሰጥቶ የምክር ቤት አባል ሲመርጥ፣ በትራንስቫል ከተሞች ግን ጥቁር ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ መራመድ እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መነጨ፣ አራቱ ግዛቶች በተዋሃዱ ጊዜም የለዘበው ሳይሆን የከረረው አመለካከት ለምን የአገር ሕግ እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የኬፕ መለዘብና ምክንያቶቹ

ከአራቱ ግዛቶች በዕድሜ ቀዳሚዋ ኬፕ ናት። የኔዘርላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ወደ እስያ የሚሻገሩ መርከቦቹ ስንቅና ውሃ የሚያገኙበትን ጣቢያ በ1652 ዛሬ ኬፕ ታውን በምትባለው ስፍራ ሲያቋቁም፣ በአካባቢው ከብት አርቢዎቹ ኮይኮዮችና በአደን የሚተዳደሩት ሳኖች ይኖሩ ነበር። ከ1658 ጀምሮ ደግሞ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከህንድ፣ ከሲሎንና ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ባሪያዎች እየተጋዙ መምጣት ጀመሩ። ከእነዚህ ባሪያዎች፣ ከኮይኮዮቹና ከአውሮፓውያኑ መቀላቀል የተገኘው፣ በኋላ በመንግሥት መዝገብ «ከለርድ» የተባለውና በዚህ ጽሑፍ ክልስ እየተባለ የሚጠራው ማኅበረሰብ፣ የጌቶቹን ቋንቋ የሚናገር፣ ከፊሉ ክርስቲያን ከፊሉ ሙስሊም የሆነ፣ በወይን እርሻውም በከተማው የእጅ ሥራም የማይታጣ ሕዝብ ነበር። በዚህም የተነሳ በምዕራብ ኬፕ በነጩና ነጭ ባልሆነው መካከል የነበረው ወሰን በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የደበዘዘ ሆኖ ቆየ፤ ይህ ማለት ግን በባርነት ላይ የቆመው ኅብረተሰብ የዋህ ነበር ማለት አይደለም።

ብሪታንያ ኬፕን በ1806 ለሁለተኛ ጊዜ ከያዘች በኋላ የሕጉ መልክ ተለወጠ። በ1828 የወጣው 50ኛው ድንጋጌ ኮይኮዮችንና ሌሎች ነፃ ክልሶችን «ፓስ» ከተባለው የይለፍ ወረቀት፣ ማለትም ከቦታ ቦታ ለመንቀሳቀስ ከአሠሪ ወይም ከሹም ከሚሰጥ የፈቃድ ወረቀት፣ ነፃ አወጣቸው፤ ባርነትም በ1834 ተሻረ፤ ነፃ የወጡት ሰዎች ግን በተለማማጅነት ስም ለጌቶቻቸው አራት ዓመት እንዲያገለግሉ በመገደዳቸው ፍጹም ነፃነታቸውን ያገኙት በ1838 ነበር። በ1853 የጸደቀው የኬፕ ሕገ መንግሥት ደግሞ ድምፅ የመስጠትን መብት በቀለም ሳይሆን በሀብት ወሰነው። ዋጋው 25 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ወይም መሬት የያዘ፣ ወይም በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ የሚያገኝ ማንኛውም ወንድ መራጭ እንዲሆን ተፈቀደ። በዘመኑ የኬፕ ዐቃቤ ሕግ የነበረው ዊልያም ፖርተር ይህን ሲደግፍ ያቀረበው ክርክር ከርኅራኄ ይልቅ ስሌት የሚበዛበት ነበር፤ ኮይኮዩን ጠመንጃ አንግቦ በበረሃ ከመግጠም በምርጫ አደባባይ መግጠም ይሻላል የሚል ነበርና። በዚያ ሰሞን በካት ወንዝ የሰፈሩ ኮይኮዮች በ1851 ያነሱት ዐመፅ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር።

በምሥራቁ የኬፕ ክፍል፣ ከኮሳ ሕዝብ ጋር ለመቶ ዓመት ያህል በተደረጉ ጦርነቶች መሬት የተነጠቀበት አውራጃ ውስጥ፣ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። በ1841 የተከፈተውን ላቭዴልን በመሰሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የተማሩ ጥቁር መምህራን፣ ቄሶችና ጸሐፊዎች እየበዙ ሄዱ፤ በገጠሩም በበሬ የሚያርሱ፣ ሱፍና እህል ለገበያ የሚያቀርቡ የኮሳና የምፌንጉ ገበሬዎች ተነሡ። ነጋዴው የእነዚህ ገበሬዎች ደንበኛ፣ ሚሲዮናዊው አስተማሪያቸው፣ ፖለቲከኛው ደግሞ ድምፃቸውን ፈላጊ ነበር። ጆን ቴንጎ ጃባቩ በ1884 በኪንግ ዊልያምስ ታውን ያቋቋመው «ኢምቮ ዛባንትሱንዱ» የተባለው የኮሳ ቋንቋ ጋዜጣ በምርጫ ዘመን ነጭ እጩዎች ደጅ የሚጠኑት ለመሆን የበቃው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የደች ተናጋሪ ገበሬዎች ፓርቲ የነበረው አፍሪካነር ቦንድ እንኳ ሲያስፈልገው የጥቁሩን ድምፅ ይሻ ነበር። እንግዲህ የኬፕ መለዘብ የመጣው ነጩ ከጥቁሩ ድምፅና ከጥቁሩ ምርት ጥቅም ስላገኘ ነበር። የዚህ መለዘብ መመዘኛ «ሥልጣኔ» የተባለው ነገር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓዊ የለበሰ፣ የጸለየና ንብረት ያፈራ ሰው ይቀበሉታል፤ የቀረው ብዙኃን ግን ከቁጥር አይገባም ነበር።

የቦር ሪፐብሊኮች

በኬፕ የተደረገውን የሕግ ለውጥ የጠሉ ደች ተናጋሪ ገበሬዎች፣ ቦር የሚባሉት፣ ከ1835 ገደማ ጀምሮ ቤተሰባቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ከነአገልጋዮቻቸው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ለስደታቸው የመሬት ጥበትና ለባሪያዎቻቸው የተሰጠው ካሣ ማነስ ምክንያት ቢሆኑም፣ የቀድሞ ባሪያ ከጌታው ጋር በሕግ ፊት መስተካከሉ ከባድ ቅሬታ እንዳሳደረባቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ብሪታንያ በ1852 ትራንስቫልን፣ በ1854 ኦሬንጅ ፍሪ ስቴትን ነፃ ሪፐብሊክ አድርጋ ስትቀበል፣ ሁለት መንግሥታት ከኬፕ ሐሳብ በተቃራኒ ቆሙ። የትራንስቫል ሕገ መንግሥት በ1858 ሲጻፍ በነጭና በጥቁር መካከል በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመንግሥት እኩልነት እንደማይኖር በግልጽ ደነገገ። በፍሪ ስቴትም ዜግነትና ድምፅ የነጭ ወንድ ብቻ ሆነ።

የእነዚህ ግዛቶች አመለካከት ከአኗኗራቸው ጋር የተሳሰረ ነበር። ቦሩ ሰፊ የግጦሽ መሬት ይዞ፣ ከጎረቤቱ ርቆ፣ ጉልበታቸውን የሚፈልገው ጥቁሮች በዙሪያው ከብበውት የሚኖር በመሆኑ፣ በምርጫ የሚፈልገው ጥቁር አልነበረም፤ የሚፈልገው እረኛና አራሽ ብቻ ነበር። ስለዚህም የይለፍ ወረቀት፣ የእርሻ ግዴታና በሥራ ላይ የሚፈጸም ግርፋት የአስተዳደሩ ዋና መሣሪያዎች ሆኑ። ከጥቁሩ በተጨማሪ ህንዳዊው ነጋዴም የዚህ ሥርዓት ዒላማ ነበር። ትራንስቫል በ1885 ባወጣችው 3ኛ ሕግ እስያውያን ዜግነት እንዳያገኙና ከተመደበላቸው ሰፈር ውጪ ንብረት እንዳይኖራቸው ከለከለች፤ ፍሪ ስቴት ደግሞ ከዚህ አልፋ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ህንዳውያን ነጋዴዎችን ከግዛቷ አስወጣች፤ እገዳውም እስከ 1986 ጸንቶ ቆየ።

ሕጉ እንዲህ ቢከርርም የዕለት ኑሮው አንዳንድ ጊዜ ከሕጉ ይለይ ነበር። በፍሪ ስቴት በሬና ማረሻ ያላቸው ጥቁር ቤተሰቦች ነጩ የያዘውን መሬት አርሰው ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል የሚካፈሉበት፣ በአማርኛ የእኩል አራሽነት የሚባለው ዓይነት ውል የተስፋፋ ነበር፤ ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከልም ከድሀ ነጭ ጎረቤቶቻቸው የተሻለ ሀብት ያፈሩ ነበሩ። ይህ አኗኗር ድሀውን ነጭ ያስቆጣ ስለ ነበር የኋላው የመሬት ሕግ ከሁሉ ቀድሞ የመታው እነዚህን ጥቁር አራሾች ነው።

ናታል፦ የብሪታንያ ባንዲራ፣ የቦር ግድግዳ

ናታል በ1843 የብሪታንያ ግዛት ስትሆን በወረቀት ላይ የኬፕን መንገድ የተከተለች ትመስል ነበር፤ የ1856ቱ መተዳደሪያዋም ስለ ቀለም የሚናገረው አልነበረም። ይሁን እንጂ የአገሬው ሕዝብ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ቴዎፍሎስ ሼፕስቶን ጥቁሩን ሕዝብ በተከለሉ ሥፍራዎች አስፍሮ፣ በባህላዊ ሕግና በመንግሥት በሚደገፉ ባላባቶች በኩል የሚያስተዳድር ሥርዓት ዘረጋ። በ1865 በወጣ ሕግ መሠረት ጥቁር ሰው ድምፅ እንዲሰጥ በመጀመሪያ ከባህላዊ ሕግ ነፃ የመውጣት ፈቃድ በማመልከቻ ማግኘት፣ ከዚያም ለዓመታት መጠበቅና የነጮችን ምስክርነት ማቅረብ ነበረበት፤ በዚህም የተነሳ በግዛቲቱ ታሪክ መብቱን ያገኙት ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ።

የባሕር ዳርቻው ሸንኮራ አገዳ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አመጣ። ዙሉዎች በእርሻው በዝቅተኛ ደመወዝ ለመሥራት ፈቃደኞች ስላልሆኑ፣ ከ1860 እስከ 1911 ድረስ ከ150 ሺህ በላይ ህንዳውያን በውል ሠራተኝነት፣ ማለትም ለአምስት ዓመት ያህል ለአንድ አሠሪ በመገዛት፣ ወደ ናታል መጡ። ነጩ ጉልበታቸውን ሲፈልግ ውላቸውን ጨርሰው ጎረቤትና ነጋዴ ሲሆኑ ግን አልተቀበላቸውም። በ1904 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በናታል 97 ሺህ ያህል ነጮች፣ 101 ሺህ ያህል ህንዳውያንና ከ900 ሺህ በላይ ጥቁሮች ተቆጠሩ፤ በኬፕ በአንጻሩ ከ2.4 ሚሊዮን ሕዝብ 580 ሺህ ያህሉ ነጭ ነበር። የናታል ነጮች ፍርሃት ከዚህ ቁጥር ጋር ያደገ በመሆኑ በ1896 ህንዳውያንን ከድምፅ ሰጪነት አገዱ፤ በማግስቱ ዓመትም በአውሮፓ ቋንቋ የጽሑፍ ፈተና ያላለፈ ስደተኛ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጡ። በ1893 በጠበቃነት ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥቶ በፒተርማሪትዝበርግ ከባቡር ተገፍትሮ የወረደው ሞሃንዳስ ጋንዲ የፖለቲካ ትግሉን የጀመረው በዚህች ግዛት ነበር። ናታል ያወጣቻቸው ሕጎች ቀለምን በስም ሳይጠሩ ቀለምን የሚለዩ በመሆናቸው፣ ለኋላው ዘመን ሕግ አውጪዎች ጥሩ ምሳሌ ሆነው አገለገሉ።

ማዕድንና የልዩነቱ መጥበብ

አልማዝ በ1867 በኪምበርሊ አካባቢ፣ ወርቅም በ1886 በዊትዋተርስራንድ ሲገኝ የአራቱ ግዛቶች አመለካከት ወደ አንድ መሳብ ጀመረ። በኬፕ ሥር በነበረችው በኪምበርሊ የማዕድን ኩባንያዎች ጥቁር ሠራተኞችን የውላቸው ዘመን እስኪያበቃ የማይወጡበት «ኮምፓውንድ» የተባለ የታጠረ ሰፈር ውስጥ ማኖር ጀመሩ፤ ይህ አሠራር በኋላ ወደ ወርቁ ማዕድን ተዛመተ። ርካሽ ጉልበት ለሁሉም ግዛት አስፈላጊ ሲሆን፣ ለሱፍና ለእህል ገበያ ራሱን ችሎ የሚያርሰው ጥቁር ገበሬ ለነጋዴው ጠቃሚ መሆኑ ቀርቶ ለማዕድን ባለቤቱ የጠፋ የሰው ኃይል ሆኖ ታየ።

ኬፕ የትራንስካይን አውራጃዎች ወደ ግዛቷ ስትቀላቅል የጥቁር መራጮች ቁጥር ሊጨምር እንደሚችል የተረዱት ፖለቲከኞች በ1887 በጋራ የተያዘ የጎሳ መሬት ለመራጭነት እንዳይቆጠር የሚያደርግ ሕግ አወጡ፤ ኮሳዎች ይህን ሕግ አፍ የሚሰፋ ብለው ሰየሙት። የማዕድን ከበርቴው ሴሲል ሮድስ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበት ዘመን፣ በ1892፣ የንብረቱ መጠን ከ25 ወደ 75 ፓውንድ ከፍ አለ፤ ስምን፣ አድራሻንና ሥራን የመጻፍ ግዴታም ተጨመረ። በ1894 የወጣው የግሌን ግሬይ ሕግ ደግሞ የመሬት ይዞታን አሳንሶ በሥራ ላይ ያልተሰማራውን ሰው ግብር አስከፈለ። በ1901 ወረርሽኝ በኬፕ ታውን ሲነሣ ንጽሕናን ምክንያት በማድረግ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ከከተማው ከከተማው ውጪ ወዳለው ወደ ንዳቤኒ ተወሰዱ። ኬፕ ስሟን እንደያዘች ቆይታ ሥራዋ ግን ወደ ሰሜን ጎረቤቶቿ እየቀረበ ነበር።

የአንድ እንቅስቃሴ አቀባበል በየግዛቱ ምን ያህል እንደ ተለያየ የሚያሳየው ከኢትዮጵያ ስም ጋር የተያያዘው ታሪክ ነው። ማንጌና ሞኮኔ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ፣ ጥቁር አገልጋዮች በነጮች ሥር ብቻ እንዲያገለግሉ መደረጉን ተቃውሞ፣ በ1892 በትራንስቫል ዋና ከተማ በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አቋቋመ፤ ስሙን የወሰደው በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ ከሚናገረው ቃል ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ የተገኘው የዓድዋ ድል ስሙን ይበልጥ አገነነው። በኬፕ የእንቅስቃሴው አንዱ መሪ ጄምስ ድዋኔ ከተከታዮቹ ጋር በ1900 በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የኢትዮጵያ ማኅበር» ተብሎ ቦታ ሲሰጠው፣ የናታል ሹማምንት ግን በነጭ ቁጥጥር ሥር ያልሆነን ጥቁር ሰባኪ ሁሉ በጥርጣሬ ይከታተሉ ነበር። በ1906 በባምባታ መሪነት የጭንቅላት ግብርን በተቃወመው የዙሉ ዐመፅ ከ3 ሺህ በላይ ጥቁሮች ሲገደሉ፣ ብዙ የናታል ነጮች ጥፋቱን ከግብሩ ይልቅ «ኢትዮጵያኒዝም» ባሉት በዚህ የቤተ ክርስቲያን እንቅስቃሴ ላይ አሳበቡ።

የ1910ሩ ስምምነት

ብሪታንያና ሁለቱ የቦር ሪፐብሊኮች ከ1899 እስከ 1902 ካደረጉት ጦርነት በኋላ የተፈረመው የፍሬኒኪንግ የሰላም ውል 8ኛ አንቀጽ፣ ሪፐብሊኮቹ የራስ አስተዳደር እስኪያገኙ ድረስ የጥቁሮች የድምፅ መብት ጉዳይ እንዳይወሰን ደነገገ። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ጥያቄውን የሚወስኑት ከመጀመሪያው መብቱን የነፈጉት ነጮች ይሆናሉ ማለት ነው። በ1908 በደርባን ተጀምሮ በኬፕ ታውንና በብሉምፎንቴይን የቀጠለው ብሔራዊ ጉባኤ 12 የኬፕ፣ 8 የትራንስቫል፣ 5 የናታልና 5 የፍሪ ስቴት መልእክተኞች የተቀመጡበት ሲሆን ሁሉም ነጮች ነበሩ።

የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜሪማን የግዛቱን የምርጫ ሕግ ለማስጠበቅ ፈለገ፤ የሰሜኖቹ መልእክተኞች ደግሞ ሕጉ ወደ ግዛታቸው ቢሻገር ኅብረቱን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። በስተመጨረሻ በትራንስቫሉ መልእክተኛ በያን ስሙትስና በሜሪማን ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው መፍትሔ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን የምርጫ ሕግ ይዞ እንዲዋሃድ፣ የኬፕ ጥቁርና ክልስ መራጮች መብት ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሆነ በቀር እንዳይሻር የሚል ነበር። በአንጻሩ የኅብረቱ ፓርላማ አባል መሆን የሚችለው የአውሮፓ ዘር ያለው ሰው ብቻ ሆነ፤ በመሆኑም በኬፕ ከ1853 ጀምሮ በሕግ ክፍት የነበረው በር በዚህ አንቀጽ ተዘጋ። የቀድሞው የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ሽራይነር፣ ጃባቩ፣ ቄስ ዋልተር ሩቡሳናና የኬፕ ታውን ክልሶች መሪ ዶክተር አብዱላህ አብዱራህማን በ1909 ለንደን ድረስ ሄደው ቢቃወሙም የብሪታንያ ፓርላማ ሕጉን ሳይለውጥ አጸደቀው፤ የደቡብ አፍሪካ ኅብረትም በግንቦት 31 ቀን 1910 ተመሠረተ። በዚያ ጊዜ በኬፕ ከ100 መራጮች 85 ያህሉ ነጮች፣ 10 ያህሉ ክልሶች፣ 5 ያህሉ ደግሞ ጥቁሮች ነበሩ፤ እንግዲህ ያን ያህል ክርክር የተነሣበት መብት የያዘው ሰው ቁጥር ይህን የሚያህል ነበር።

ከረር ያለው እንዴት አሸነፈ

ከኅብረቱ በኋላ በመላው አገሪቱ የወጡት ሕጎች በአብዛኛው የሰሜኖቹን ልማድ ወደ ደቡብ ያሰፉ ናቸው። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ጥቁሩ ሕዝብ ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ከሚሆነው ውጪ መግዛትም ሆነ መከራየት እንዳይችል ሲከለክል፣ በፍሪ ስቴት የእኩል አራሽነትን አግዶ ቤተሰቦችን ከነከብቶቻቸው በክረምት መንገድ ላይ ጣላቸው፤ ከኪምበርሊ የመጣው ጋዜጠኛ ሶል ፕላትጄ ያየውን በ1916 በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቧል። በኬፕ ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1917 ሕጉ በግዛቱ ተፈጻሚ እንደማይሆን ወሰነ፤ ምክንያቱም ጥቁሩ መሬት ገዝቶ መራጭ የመሆን መብቱን ይነካ ነበርና። የፍሪ ስቴት ጥቁር ሴቶች ደግሞ በ1913 ከሌሎቹ ግዛቶች ሴቶች የማይጠየቀውን የይለፍ ወረቀት በብሉምፎንቴይን ተቃወሙ፤ ያን ጊዜ ግዴታው ቢላላም ከ40 ዓመት በኋላ ወደ አገሪቱ ጥቁር ሴቶች ሁሉ ስለ ተስፋፋ በነሐሴ 9 ቀን 1956 ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በፕሪቶሪያ ሰልፍ ወጡ።

የኬፕ ድምፅም እንዲሁ ቀስ በቀስ ተሟጠጠ። በ1930 ለነጭ ሴቶች ብቻ የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ በ1931ም ነጭ ወንዶች ከንብረትና ከትምህርት መመዘኛ ሲለቀቁ የጥቁሩ ድምፅ ክብደት እጅግ ቀለለ። በ1936 ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተቀምጠው፣ 169 ለ11 በሆነ ድምፅ፣ 11 ሺህ ገደማ የሚሆኑትን ጥቁር መራጮች ከጋራው መዝገብ አውጥተው በነጮች የሚወከሉ ሦስት መቀመጫዎች ሰጡአቸው። ክልሶቹ እስከ 1956 ቆዩ፤ ፍርድ ቤቱ የ1951ዱን ሕግ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ አልተሟላም ብሎ ሲሽር መንግሥት የሴኔቱን አባላት ከ48 ወደ 89 አብዝቶ የሚያስፈልገውን ድምፅ አሟላ። እዚህ ላይ መታወስ የሚገባው ይህን የፈጸሙት ትራንስቫላውያን ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው የአፓርታይድ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳንኤል ማላን የኬፕ ተወላጅ ሲሆን፣ በኋላ ሥልጣን የያዘው ሄንድሪክ ፈርቩርትም እንደ ማላን በኬፕ በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነበር። ከ1955 ጀምሮ ምዕራብ ኬፕ ክልሱን ለሥራ በማስቀደም ጥቁሩን ከአካባቢው የሚያስወጣ ፖሊሲ ስለ ተከተለች፣ አንድ ጊዜ ለዘብተኛ የነበረችው ግዛት ለጥቁር ሠራተኛ ከአገሪቱ እጅግ የከረረች ሆነች፤ በ1966ም ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር የነጮች ሰፈር ተብሎ ሲታወጅ ከ60 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ክልስ፣ ከኬፕ ታውን መሐል ተፈናቀለ። ያ ፖሊሲ በክልሱና በጥቁሩ መካከል ያኖረው ጥርጣሬ እስከ ምርጫ ድንኳን ድረስ ዘልቆ፣ በ1994 በተደረገው የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ምርጫ በምዕራብ ኬፕ አውራጃ ያሸነፈው አፓርታይድን የመሠረተው ብሔራዊ ፓርቲ ሆነ።

የአራቱን ግዛቶች ታሪክ በአንድነት የመረመረ ሰው እንደሚረዳው፣ የአመለካከቱ ልዩነት እውነተኛና ረጅም ዕድሜ የነበረው ቢሆንም በሕዝቦች ልብ ደግነትና ክፋት ላይ የቆመ አልነበረም፤ መሬት በማን እጅ እንደ ነበር፣ ጉልበት ከየት ይገኝ እንደ ነበር፣ የነጩ ቁጥር ከጥቁሩ አንጻር ምን ያህል እንደ ነበርና የማን ድምፅ ይፈለግ እንደ ነበር የሚለው ነገር የወሰነው ነበር። ኬፕ የያዘችው መብት በሀብት የተመዘነና ሁልጊዜ በነጮች ፈቃድ የሚለካ ስለ ነበር፣ ጥቅሙ ሲያበቃ የሚከላከለው ኃይል አልነበረውም፤ በ1909 ለንደን ላይ የተሰጠው ዋስትናም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በነጮች እጅ ብቻ በሆነበት ጉባኤ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ዕድሜው በእነርሱ ፈቃድ የተወሰነ ነበር። የተለያየ አመለካከት ያላቸው ግዛቶች ሲዋሃዱ መብቱን የሚጠይቀው ሕዝብ ራሱ በጉባኤው ካልተቀመጠ፣ ስምምነቱ የሚጠብቀው አንድነትን እንጂ መብትን እንዳልሆነ የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።